የኔናድ ጉልበት

ባለፈው መስከረም ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር የነበረው የድሮ ሕንፃችን ሊፈርስ ነው ሲባል ሰማሁና ለመጨረሻ ጊዜ ልየው ብዬ ሄድኩ። ተከራዮቹ ወጥተው አልቀዋል፤ በሩ ግን በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ነበር። ያደግኩበትን ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ ማየት ሲገባኝ እግሬ ወደ ታች፣ ወደ ምድር ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወሰደኝ። ማሽኖቹ ተነቅለዋል። ሽታው ግን እዚያው አለ፤ እርጥብ ሲሚንቶ፣ የሳሙና ዱቄት፣ ከሥሩ ደግሞ ካፉር፣ የወጌሻ ቅባት። ካፉሩን እኔው ራሴ ይዤው ገብቼ ይሆናል፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሽታ ግድግዳ ላይ አይቆይም መቼስ። ብቻ አንድ ነገር ላይ ልቀመጥ ብዬ ዞር ዞር አልኩ፤ የሚቀመጡበት ነገር አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ አስር ዓመቴ ነበር፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ የዩጎዝላቪያ ጦርነት ቆመ በተባለ ሰሞን። አባቴ ሰይድ፣ ዴፖ ውስጥ ትራምና አውቶቡስ ያጥባል፤ እናቴ ቪዲኮን ሰፈር ያሉ ቢሮዎችን ታጸዳለች። ሁለቱም የደሴ ልጆች ናቸው። እኔ በሦስት ዓመቴ ስለመጣሁ ጀርመንኛው ከእነሱ ይልቅ ለእኔ ቀለለኝ፤ ስለዚህ የቤቱ ተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ደብዳቤ አነባለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ። አውስቫይስ ለማሳደስ ስንሄድ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን ማለቴ ነው፣ አገጬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ በሁለቱ ወገን መካከል እቆማለሁ።

እናቴ ታዲያ እጄን ጠበቅ አድርጋ ይዛ «ዘሀራዬ፣ አለሳልሺው» ትለኝ ነበር። አባቴ ተቆጥቶ «ስንት ዓመት ነው የሚያመላልሱን?» ሲል እኔ ለጸሐፊው «አባቴ ስለ ትዕግሥትዎ ያመሰግናሉ» እላለሁ። ጸሐፊው ፈገግ ይላል፤ አባቴ ቁጣው የሠራለት ይመስለዋል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይወጣል። መተርጎም ማለት ይህ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው እንዳይጣላ ማድረግ።

ኔናድን ያገኘሁትም እዚሁ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከሰው ሲጣላ ነው። በዚያ አገር ልብስ ማጠብ ሕግ አለው። ለእያንዳንዱ ቤት በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ተመድቧል፤ ቁልፉ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይተላለፋል፤ ሲጨርሱ የማሽኑ በር ጎማ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ወለሉ ይወለወላል። እሁድ ማሽን ማስነሳት ደግሞ ከስርቆት አይተናነስም። እና አንድ የየካቲት እሁድ ጠዋት ሕንፃው ሥር ማሽን ማጓራት ጀመረ።

የሕንፃው ጠባቂ ፍራው ብሩነር ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ ወረዱ፤ እኔም ማን ያየኛል ሳልል ተከተልኳቸው። ከማሽኑ ፊት ጣሪያው ሊነካው የደረሰ ወጣት ቆሟል። ጆሮው ቀይ ነው፤ እግሩ ሥር ጭቃ የለበሰ የልብስ ክምር አለ። ከሳምንት በፊት ሰገነቱ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል የተከራየው ሰው ነበር።

«ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አያውቅም?» ብለው ጮኹ ፍራው ብሩነር። «ባልካን መሰለው እንዴ እዚህ? ነገውኑ ለአስተዳደሩ ነው የምጽፈው!»

የዙሪክ ጀርመንኛቸው ለእርሱ እንደ ማሽኑ ድምፅ ነበር። «ትናንት ጨዋታ» አለ በተሰባበረ ጀርመንኛ። «ነገ ልምምድ። ልብስ የለም።»

ፍራው ብሩነር ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ንገሪው። በደንብ አድርገሽ ንገሪው።»

ነገርኩታ። በትምህርት ቤት ጀርመንኛ፣ ቀስ እያልኩ። «እሁድ ሰው ያርፋል ይላሉ። ሌላ ቀን ብታጥብ ደስ ይላቸዋል።» እርሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረና በራሱ ቋንቋ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን ወደ ፍራው ብሩነር ዞሬ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴን ይመስላሉ ይላል» አልኳቸው። ሴትዮዋ ሽርጣቸውን አስተካከሉና «ይህን ብቻ ይጨርስ» ብለው ደረጃውን ወጡ። ያን ቀን በራሴ በጣም ተደሰትኩ።

በማግስቱ በራችን ተንኳኳ። ኔናድ በወረቀት የተጠቀለለ የደረቀ ቩርስት ይዞ ቆሟል፤ እናቱ ከሰርቢያ የላከችው ቋሊማ ነው። እናቴ «የምን ሥጋ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለችኝ። የአጎቱ አሳማ ነው፣ ራሱ ያሳደገው። ይህን በአማርኛ እንዳለ ነገርኳት። ለእርሱ ግን ምን ልበለው? ከዚያ ሁሉ ፈገግታው ጋር! «እናቴ ሐኪም ሥጋ ከልክሏታል፣ ልቧን ያማታል» አልኩት። ምስኪን፣ ደንግጦ ቋሊማውን ወደ ጀርባው ደበቀው። ከዚያ ወዲያ ደረጃ ላይ ባገኛት ቁጥር ቆሞ «ጤና? ልብ ደህና?» ይላታል። እናቴ «ይሄ ልጅ ምነው እንዲህ ጤናዬን የሚጠይቀው? መቼም እናት ያሳደገችው ነው» እያለች አርብ አርብ የምስር ሳምቡሳ ትልክለት ጀመር።

ኔናድ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ከቤልግሬድ በስተደቡብ ካለች ትንሽ ከተማ መጥቶ የዙሪክ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ውስጥ የመሀል ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል። የመግቢያ ትኬት ስለሚሰጠን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ሜዳ መሄድ ጀመርን። አባቴ ከደሴ ይዞት የመጣው ትልቁ ሀብት የኳስ ፍቅር ነው፤ እዚያ ጥግ ቆሞ ለዳኛው በወሎ አማርኛ ይነግረዋል። እኔ ግን አዝን ነበር። ድምፅ ማጉያው የአጥቂዎቹን ስም ይጠራል፤ የኔናድን አንድም ቀን አልጠራም። ሰነፍ ተጫዋች መሰለኝ።

«አባዬ፣ ኔናድን ለምን አይጠሩትም?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እርሱን ሲጠሩት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው» አለኝ። «እዪ፤ ያ አሥር ቁጥሩ ዛሬ ኳስ ነክቷል? አልነካም። ለምን? ኔናድ ስላለ። የእርሱ ሥራ የሚመጣውን ነገር እንዳይመጣ ማድረግ ነው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ኔናድን የማየው በሌላ ዓይን ሆነ። ተከላካይ እሆናለሁ አልኩ። ሳቀና ከሕንፃው ጀርባ፣ ልብስ ማስጫው ዘንድ፣ ያስተምረኝ ጀመር። ኳሱን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ እግሩን ሳይ በሌላው በኩል ያልፈኛል። ዓይኑን ሳይም እንዲሁ።

«እግር ይዋሻል» ይለኛል። «ዓይን ደግሞ የባሰ ውሸታም ነው። ወገብ እዪ፣ ዘሀራ። ሰው በወገቡ መዋሸት አይችልም።»

ከብዙ መውደቅ በኋላ አንድ ቀን ወገቡን አይቼ ኳሱን ቀማሁት። ሣሩ ላይ ተንጋልሎ የሞተ መሰለ፤ ፍራው ብሩነርም በመስኮት ሆነው አጨበጨቡ። በዚያ ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃውን የምወጣው እየሮጥኩ ነበር።

መጋቢት ላይ ከክለቡ ደብዳቤ መጣለት። ደብዳቤ አንባቢነቴ እስከ ሰገነቱ ደርሶ ስለነበር አነበብኩለት። ውሉ በሰኔ መጨረሻ ያበቃል፤ መታደሱ በቀሩት ጨዋታዎች በሚያሳየው አቋም ይወሰናል ይላል። ኔናድ ሁለቴ አስነበበኝ። «ውል ከሌለ አውስቫይስ የለም» አለ ቀስ ብሎ። «አውስቫይስ ከሌለ ወደ አገር ቤት። ቤት ማለት ደግሞ ወታደር ቤት።»

ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ክፍል ውስጥ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረች አድሚራ የምትባል የቦስኒያ ልጅ ነበረች። አንድ ሰኞ ወንበሯ ባዶ ሆነ። አገራቸው ተመለሱ አለችን መምህራችን። የእርሳስ ማስቀመጫዋ ጠረጴዛው ውስጥ ቀርቶ ስለነበር ትመጣለች ብዬ እስከ ክረምቱ መዝጊያ ጠበቅኩላት። አዋቂዎች አውስቫይስ ሲሉ እኔ የሚታየኝ ያ የእርሳስ ማስቀመጫ ነው። ስለዚህ ኔናድ መጫወት አለበት፤ በቃ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የእናቴን ልብስ ላወጣ ወደ ማጠቢያው ክፍል ስወርድ ኔናድን አግዳሚው ላይ አገኘሁት። ሱሪውን ሰብስቦ የበረደ የአተር ከረጢት ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ጉልበቱ የዳቦ ሊጥ ያህል አብጧል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ለማንም፣ ዘሀራ።»

ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ግን በዚያው ቅዳሜ ሜዳ ላይ ቆሞ እያየ ከንፈሩን መጠጠ። «ይህ ልጅ ወደ ቀኝ መዞር ትቷል» አለ። «ጉልበቱን ደብቋል። ለክለቡ ሐኪም ቢናገር ከቡድን ያወጡታል ብሎ ፈርቶ ነው።» ትንሽ አሰበና «ጋሽ ይማም ጋ እንወስደዋለን» አለ።

ጋሽ ይማም ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ ውስጥ የሚኖሩ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የደሴ ሰው ናቸው። እዚህ የሰው አትክልት ይንከባከባሉ እንጂ ደሴ እያሉ የኳስ ቡድን ወጌሻ ነበሩ። አባቴ ስለ እሳቸው ሲያወራ ድምፁን ይቀንሳል። ተጫዋች ወድቆ ሲያለቅስ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው እየሮጡ ሲገቡ ሕዝቡ ለጎል ከሚጮኸው በላይ ይጮኽላቸው ነበር ይላል። ለኔናድ ሲነገረው በአፍሪካ የተማሩ ፕሮፌሰር መሰሉት፤ እኔም አላረምኩትም።

በሚያዝያ አንድ እሁድ በባቡር ሄድን። ሦስት ሰዓት ያህል ነው እስከ ጄኔቭ፤ ከዚያ በሌላ ትንሽ ባቡር ወደ ቨርሷ። ኔናድ መንገዱን ሙሉ እግሩን ዘርግቶ ሐይቁን ያያል። እኔ መሀል ተቀምጬ የአባቴን ወሬ ለእርሱ፣ የእርሱን ለአባቴ አቀብላለሁ። ኔናድ በጨዋታ የሚሠራቸውን ስህተቶች አባቴ ዘረዘረለት፤ እኔ ሁሉንም ምስጋና አድርጌ አሳለፍኩት።

የጋሽ ይማም ክፍል ከትልቅ ግቢ ጀርባ፣ ከመስታወት የአትክልት ቤት ጎን ነበረች። ገና በሩ ሲከፈት ካፉር ሸተተኝ። አጭር ሰው ናቸው፤ እጃቸው ግን የሌላ ረጅም ሰው እጅ ይመስላል፤ ጥፍራቸው ሥር አፈር አለ። ለረጅም ጊዜ ታጠቡት። ከዚያ ኔናድን አልጋው ላይ አስቀመጡና ወደ አባቴ ዞሩ።

«ሰይድ፣ አንተ እስኪ ሐይቁ ዳር ዞር ዞር በል።»

«እኔ? እኔ እኮ ነኝ ያመጣሁት ጋሽ ይማም።»

«ታውቀኛለህ እኮ። የተጎዳ ሰው ነገር ለተጎዳው ነው የሚነገረው። ደሴ እያለሁ ለአሰልጣኝም ለፕሬዚዳንትም ነግሬ አላውቅም። ሲፈልግ እርሱ ይንገርህ። ልጅቷ አፍ ናት፤ እርሷ እዚህ ትቆይ።»

አባቴ እየቆጨው ወጣ። ጋሽ ይማም የሰሊጥ ዘይትና ካፉር አሞቁ፤ ጭኑን፣ ባቱን ቀስ እያሉ አሹ። ኔናድ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጣቶቻቸው ጉልበቱ ላይ ደረሱ። ቅልጥሙን ይዘው ወደ ፊት ሳብ አደረጉት፤ መለሱት፤ እንደገና ሳቡት። እጃቸው ቆመ። «ያ ረቢ» አሉ በለሆሳስ።

ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንድም ሳታስቀሪ ቃል በቃል ንገሪው። ውስጡ ያለው ጅማት ሊበጠስ ደርሷል፤ በክር ነው የተንጠለጠለው። የእኔ እጅ ሥራ አይደለም፤ የሐኪም ቢላ ነው የሚፈልገው። ለክለቡ ሐኪም ይናገር። ዘንድሮ ኳስ አይንካ። አሁን ከታከመ በዓመቱ ይመለሳል። ከተጫወተበት ግን ከእንግዲህ አይሮጥም። አይሮጥም በይው።»

ኔናድ እኔን እያየ ነው። ጆሮው ቀልቷል። እኔም ደብዳቤው ታየኝ፣ የእርሳስ ማስቀመጫው ታየኝ፣ ባዶዋ የሰገነት ክፍል ታየችኝ። እኚህን ሽማግሌ ደግሞ ከዛሬ በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ አትክልተኛ ናቸው፤ ምን ያውቃሉ? የእናቴ እጅ እጄን ጠበቅ ሲያደርገው ተሰማኝ፤ እናቴ ግን ዙሪክ ነበረች።

«ተጎድተሃል ይላሉ» አልኩት በጀርመንኛ። «ግን ይድናል። በዚህ ዘይት እሸው፣ በደንብ እሰረው። መጫወት ትችላለህ።»

ኔናድ ግንባሩን ቋጠረ። «ያን ሁሉ ተናግረው ይህን ብቻ ነው ያሉት?»

«አማርኛ ረጅም ነው» አልኩት።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ይማም።

«እሺ አለ። እግዜር ይስጥልኝ አለ።»

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «ጎበዝ! ስንቱ ተጫዋች እንዲህ ሲነገረው ይሰድበኝ ነበር መሰለሽ።» እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ዱዓ አደረጉለት፤ እኔም አሚን አልኩ። ኔናድ እጃቸውን ስሞ ተነሳ። የካፉሩን ቆርቆሮ ሰጡት። አባቴ ሲመለስ ምን እንደተባለ አልጠየቀም፤ የጋሽ ይማምን ሕግ ያከብራል።

ስንመለስ ኔናድ ሌላ ሰው ሆነ። ባቡር ውስጥ አፏጨ፣ የእናቱን ፎቶ አሳየን፣ አባቴን በሰርቢያ ቋንቋ ቁጠር ብሎ እስከ አስር አስተማረው። ዙሪክ ባንሆፍ፣ ትልቁ ባቡር ጣቢያ፣ ስንወርድ ትከሻው ላይ አፈናጠጠኝና መድረኩን ከዳር እስከ ዳር ሮጠው። ሰው ዞር እያለ ያየናል፤ አባቴ ከኋላ «ኧረ ጉልበትህን! ጉልበትህን!» ይላል። እኔ ፀጉሩን ይዤ እስቃለሁ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ ምንም የሚያስፈራ ነገር አልታየኝም።

ቀጣዮቹ ሳምንታት ደግሞ ጋሽ ይማምን ውሸታም፣ እኔን እውነተኛ ያደረጉ መሰሉ። ኔናድ ጉልበቱን እያሰረ አምስት ጨዋታ ተጫወተ። አንዱን ጨዋታ አባቴ ሲተርክ ሦስት ቀን ፈጀበት። ማሰሪያዎቹን በእኛ ቀን ከእኛ ልብስ ጋር አጥብለታለሁ፤ የማጠቢያው ክፍል በሙሉ ካፉር ካፉር ይሸታል። ፍራው ብሩነር እንኳ ምንም አላሉም። አንዳንድ ቀን ግን ማሽኑ ሲሽከረከር እያየሁ «አይሮጥም በይው» የሚለው ቃል ይመጣብኛል። እርሱን ለማባረር የማባዛት ሠንጠረዥ እደግም ነበር።

በግንቦት መጨረሻ ጨዋታው ጄኔቭ ሆነ። ክለቡ በዚያ ሳምንት ውሉን ይወስናል ተብሎ ነበር። አባቴ ለደስታ ብሎ፣ ለእኔ ሳይነግረኝ፣ ለጋሽ ይማም ደውሎ «ያከሙትን ልጅ መጥተው ይዩ» ብሏቸው ኖሯል። ሜዳው በር ላይ ካፖርታቸውን ለብሰው ሲጠብቁን ሳይ ከአባቴ ኋላ ተሸሸግኩ።

«በዱላ ነው የሚሄደው ወይስ ሐኪም ቀዶለታል?» አሉ እየገባን።

አባቴ ሳቀ። «ምን ዱላ! ይኸው እየመጣ አይደል?»

ኔናድ ከቡድኑ ጋር እየሮጠ ወጣ። ጋሽ ይማም የብረት አጥሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«ነግሬዋለሁ።»

«ቃል በቃል?»

ወደ ሜዳው አየሁ። ሌላ አልጠየቁኝም፤ ግን ዓይናቸው ከኔናድ ጉልበት አልተነሳም። እኔም ወገቡን አያለሁ። ወገቡ ወደ ቀኝ ለመዞር ሲፈልግ እግሩ ያመነታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አየሁት፤ ራሱ ነው ማየት ያስተማረኝ።

ከእረፍት በኋላ የጄኔቮቹ አጥቂ ኳስ ይዞ በቀኝ በኩል መጣ። ኔናድ ቀድሞ አውቆበታል፤ ዞረ። ማንም አልነካውም። እንደተመታ ሰው ወደቀ፤ ጩኸቱ እኛ ጋ ደረሰ። ድምፅ ማጉያው ስሙን ጠራ።

ጋሽ ይማም በስልሳ ምናምን ዓመታቸው በአጥሩ ሥር ሾልከው ገቡ። ካፖርታቸው ሲሚንቶው ላይ እየተጎተተ ወደ ሜዳው ሮጡ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ጠባቂ ይዞ አቆማቸው፤ በፈረንሳይኛ ያናግራቸዋል። ፈረንሳይኛ ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ ግን ጠፋባቸው። «ልቀቀኝ! ወጌሻ ነኝ! ወጌሻ ነኝ እኮ!» ይላሉ። ሰው ይስቃል። ኔናድን በቃሬዛ እስኪያወጡት ድረስ እዚያው ቆመው እጃቸውን ወደ እርሱ ዘርግተው ነበር።

አባቴ ኔናድን ወዴት እንደሚወስዱት ሊጠይቅ ሲሄድ ጋሽ ይማም መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?» አሉኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። ማልቀሴን ያወቅኩት አፌ ጨው ጨው ሲል ነው። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን የካፖርታቸውን አቧራ ቀስ ብለው አራገፉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ይህን የሚያህል ነገር በልጅ አፍ አይላክም ነበር። አባትሽንም ያስወጣሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ አገጬን ቀና አደረጉት። «ለአባትሽ አልነግርም። ለማን እንደሚነገር ግን ታውቂያለሽ።»

በማግስቱ እሁድ ጄኔቭ ሆስፒታል ሄድን። ማታውን ጋሽ ይማም ክፍል ወለል ላይ ነበር ያደርነው፤ እኔ አልተኛሁም። አባቴን ጋሽ ይማም ሰበብ ፈጥረው ኮሪደር ላይ አስቀሩት፤ ብቻዬን ገባሁ። ኔናድ እግሩ በነጭ ተጠቅልሎ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ከዚያ ክለብ ጋር ነገሩ እንዳለቀ የክለቡ ሐኪም ነግሮታል። ሲያየኝ ግን ትራሱን አስተካክሎ ቀና ለማለት ሞከረ።

ቃል በቃል ነገርኩት። በጅማቱ ጀምሬ «አይሮጥም በይው» ላይ ጨረስኩ። ከአንድ ወር በላይ አፌ ውስጥ ስለቆየ አንድም አልጠፋኝም። ፈራሁ፤ ቢጮህብኝ በተሻለኝ ነበር።

ኔናድ መስኮቱን አየ። ጆሮው ቀልቶ እንደገና ነጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

«እናትሽ የልብ ሕመም የለባትም፣ አይደል?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አራት ከረጢት ይዛ ደረጃ ስትወጣ አይቻለሁ፤ ከእኔ ትፈጥናለች። ፍራው ብሩነርም ያን ቀን እንደ ሰደቡኝ አውቃለሁ። እኔ ተከላካይ ነኝ፤ ሰው የሚለውን አልሰማም፤ ወገቡን ነው የማየው። ቨርሷም የሽማግሌውን እጅ አየሁ። ጉልበቴ ላይ ሲቆም አየሁ። ያኔውኑ አውቄዋለሁ። አውቄ ነው የተጫወትኩት። ስለዚህ ያንቺ ነገር አይደለም፣ ገባሽ? ያንቺ ነገር አይደለም።» እጁን ዘርግቶ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። «በዚህ ጉልበት ደግሞ ሠራዊቱም አይፈልገኝም። እናቴ ደስ ይላታል።»

ከዚያ ክፍል የወጣሁት ቀልሎኝ ነው። ጋሽ ይማም ኮሪደሩ ላይ ፊቴን አይተው ምንም አልጠየቁኝም። በባቡሩም እስከ ዙሪክ ድረስ በአባቴ ጭን ላይ ተኛሁ፤ ከወር ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ነበር። ኔናድ በሐምሌ በክራንች መጥቶ ክፍሉን ለቀቀ። እናቴ ለመንገድ ሳምቡሳ ቋጠረችለት፤ እርሱም ደረጃው ላይ ቆሞ «ልብ ደህና?» አላት፤ እኔን በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ።

አውቄ ነው የተጫወትኩት ያለኝን ለብዙ ጊዜ አመንኩት። ባለፈው መስከረም ግን ያ ባዶ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጬ ካፉሩ ሲሸተኝ፣ ትዝ ያለኝ ሆስፒታሉ ሳይሆን ባንሆፉ ነበር። ፀጉሩን በሁለት እጄ ይዤ፣ መድረኩ ከእግራችን ሥር ሲሮጥ፣ አባቴ ከኋላ ሲጮህ። ከትከሻው ላይ ሆኜ የሳቁ ንዝረት ጭኔ ላይ ይሰማኝ ነበር። ጉልበቱ በክር እንደተንጠለጠለ ያወቀ ሰው ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ እንደዚያ አይሮጥም።